አበዳሪ ሳማርጥ

ብድር አጥቶ የተቸገረ ሰው ሞልቷል፤ ለእሱ ማንም ያዝንለታል። እኔ ግን የተቸገርኩት አበዳሪ ላማርጥ ብዬ ነው። ስለዚህ እስከዛሬ ያዘነልኝ ሰው የለም፤ ሚስቴን ጨምሮ። እናንተም እስከ መጨረሻው ሰምታችሁኝ ብትስቁ አልቀየምም። ለምጄዋለሁ።

ነገሩ የሆነው አምቦ ነው፤ ሁሉም ሰው «ጓድ» በሚባልበት ዘመን። ሥራዬ ሳኒተሪያን ነበር። ለማታውቁት፣ ሳኒተሪያን ማለት በየሰው ግቢ እየዞረ ሽንት ቤት የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አምቦ ውስጥ ገብቼ ያላየሁት ሽንት ቤት የለም ብል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ የሚነዛበት ሙያ አይደለም። ደብተር ይዤ እገባለሁ፤ አፍንጫዬን ሳልይዝ አያለሁ (መያዝ ሕዝቡን ያስቀይማል ተብለን ሠልጥነናል)፤ «ጉድጓዱ ይጥለቅ፣ በር ይበጅለት፣ የየራሳችሁን ቆፍሩ» ብዬ አስተምርና እወጣለሁ።

እኔ ራሴ የምኖረው በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። ግቢው ውስጥ ስድስት ቤተሰብ አለ፤ ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ በሩ ጆንያ ነው። ጠዋት ጠዋት ተሰልፌ ተራ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ የቆመ ጎረቤቴ፣ ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ ሳስተምር የሰማኝ፣ «ጓድ፣ የየራሳችሁን ቆፍሩ ያልከን አንተ አልነበርክም እንዴ?» አለኝ። ደግነቱ ተራዬ ደረሰ።

ሰኔ ላይ ከቀበሌው ደብዳቤ መጣ። ክፍላችን ለሸማቾች ሱቅ ማስፋፊያ ስለተፈለገ እስከ መስከረም መጨረሻ እንድንለቅ ይላል። ሄጄ «ወዴት ነው የምንለቀው?» ብል፣ ሊቀመንበሩ «ሱቁ ሲሰፋ ስኳር በቅርብህ ታገኛለህ» አለኝ።

«ስኳሩን ይዤ የት ቤት ልግባ?»

«እሱ በሚቀጥለው በጀት ይታያል።»

ባለቤቴ ጫልቱ ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ሁለት ልጆች አሉን፤ ያኔ ሦስተኛውን እርጉዝ ነበረች፤ መውለጃዋ ጥቅምት ነበር። ደብዳቤውን አንብባ አጠፈችውና «በሚቀጥለው በጀት አልወልድም» አለች። ጫልቱ ብዙ ስትናገር ሳይሆን ባጭሩ ስትናገር ነው የምታስፈራው።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ወዲያ ማዶ የሚኖሩ አዴ ድንቄ የሚባሉ ባልቴት ቤታቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማን። ልጃቸው ነቀምቴ ወልዳ «እናቴ ካልመጣሽ» ብላ ይዛቸዋለች። ቤቷ የጭቃ ናት፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከኋላዋ ጓሮ፣ ከጓሮው ጥግ ደግሞ በር ያለው፣ የራሷ የሆነ ሽንት ቤት። እንደ ባለሙያ ልንገራችሁ፤ በከተማው ካሉት አንደኛ ነበር። ዋጋዋ ሦስት ሺህ ብር። ያኔ ሁለተኛ ቤት መያዝ ክልክል ስለሆነ ባለ ገንዘብ ሊገዛት አይችልም፤ ድሃ ደግሞ ሦስት ሺህ ብር አያውቅም። ቤቷ እንደ እኔ መሐል ላይ የተንጠለጠለ ሰው ስትጠብቅ የኖረች መሰለኝ።

«ከምን አምጥተን እንከፍላለን?» አለች ጫልቱ።

«እንበደራለን። ግን ዘለን ካገኘነው አበዳሪ ላይ አንወድቅም። መጀመሪያ ጥናት ይደረጋል» አልኳት።

በዚያ ዘመን ጥናት የማይደረግበት ነገር አልነበረም። እኔም ከመሥሪያ ቤት ባለ ካሬ ወረቀት አመጣሁ፤ በማስመሪያ አሰመርኩ፤ «ወለድ»፣ «ጊዜ»፣ «ዋስ»፣ «ጣጣ» ብዬ ዓምድ ከፈልኩ። በጎኑ አራት አበዳሪዎች ጻፍኩ። አንደኛ ባንክ፤ ሁለተኛ የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር፤ ሦስተኛ ሐጂ ከማል፤ አራተኛ አማቴ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው በሕይወቱ የሚሳሳት አይመስለውም።

ከባንኩ ጀመርኩ። ለቤት የሚያበድረው ባንክ አዲስ አበባ ስለሆነ ፈቃድ ወስጄ፣ በአውቶቡስ ዝናብ እየመታኝ (መስኮቱ አይዘጋም) ሄድኩ። ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ቅጽ ሰጠኝና «የቤቱን ፕላን» አለ።

«ቤቱ ተሠርቶ አልቋል። ሰው እየኖረበት ነው። ፕላን ምን ያደርጋል?»

«ፕላን የሌለውን ቤት ባንኩ አያውቀውም።»

«ግን እኮ ቆሟል።»

«ለእኛ አልቆመም» አለኝ፤ በጣም በትሕትና።

ከፕላኑ ሌላ የሚፈለገው ይህ ነው፦ ሁለት ደሞዝተኛ ዋሶች፣ የደሞዝ ማስረጃ፣ ከየትም ያልተበደርኩ ለመሆኔ ማረጋገጫ፣ ቤት የለኝም የሚል የቀበሌ ደብዳቤ። ከዚያ ቤቱን ለመያዣ የሚገምት ባለሙያ ይላካል። «መቼ?» አልኩት። «መኪና ሲገኝ» አለ።

ፕላኑን ራሴ ሣልኩት። በሕይወቴ የማውቀው ሥዕል ግን አንድ ብቻ ነው፤ ለገበሬ ማኅበራት የምናድለው የሞዴል ሽንት ቤት። እጄ ለምዶት ኖሮ ሳላውቀው እሱኑ ሣልኩና ሁለት መስኮት ጨመርኩበት። ባንኩ ይዤ ስመለስ ሰውዬው ወረቀቱን አዙሮ አየ፤ ደግሞ አዙሮ አየ።

«ይቅርታ ጓድ፣ መኖሪያው የትኛው ነው?»

ለቀበሌው ደብዳቤ ደግሞ ሊቀመንበሩ ዘንድ ተመለስኩ። «ቤት የለውም ብላችሁ ጻፉልኝ» አልኩ።

«የቀበሌ ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ ያለኸው?»

«ልታስለቅቁኝ ነዋ!»

«እስክትለቅ አለህ። አሁን ቤት የለውም ብንል ቀበሌው ቤት አልሰጠም ማለት ይመጣል። ይህ ደግሞ ያስገመግመናል።» በመጨረሻ «ቤት ያለው ቢሆንም ቤት የለውም» የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ። ባንኩ ያለምንም ጥያቄ ተቀበለው።

መኪና እስኪገኝ ወደ ማኅበሩ ዞርኩ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። አንዲት ባልዲ ለማውጣት ሦስት ፊርማ የሚያስፈርም ሰው ነው፤ ሦስት ሺህ ብር ስጠይቀው መነጽሩን አወለቀ። «ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የጋራ ውሳኔ ይፈልጋል» አለና አጀንዳ አስያዘልኝ። ዘጠነኛ አጀንዳ። ሦስት ቅዳሜ ተሰበሰብን፤ ሦስቱንም ቅዳሜ አጀንዳ ሁለት ላይ አደርን። አጀንዳ ሁለት «የስብሰባ ሰዓት አጠቃቀማችንን ስለማሻሻል» ይላል። በአራተኛው ቅዳሜ ዘለውኝ ሊሄዱ ሲሉ እጄን አወጣሁ። አንዱ ተነሥቶ «ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ክፍል ለምን አስፈለገው?» አለ። ሌላው «ጓሮም አለው አሉ» አለ። በቤቱ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። በመጨረሻ ቤቱን በአካል የሚያጠና ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ጓድ በቀለ። «ከሌላ ወገን አለመበደርህን ግን በፊርማህ አረጋግጥ» አለኝ። ፈረምኩ።

ሐጂ ከማል ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ ገበያ አጠገብ የቤት መሥሪያ ዕቃ ሲነግዱ የኖሩ ደግ ሰው ናቸው። ወለድ አይበሉም። በሰንጠረዤ ላይ «ወለድ» በሚለው ዓምድ ያለፍርሃት ዜሮ የጻፍኩት በእሳቸው ስም ፊት ብቻ ነው። ሱቃቸው ገብቼ «ሐጂ፣ ሦስት ሺህ ብር...» ስል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሩን ዘጉ።

«ዝግ በል አንተ ልጅ! የምን ሦስት ሺህ? ነጋዴ ሦስት ሺህ ብር አለው ሲባል ነገ የሚመጣውን አታውቅም?»

«ይቅርታ ሐጂ። ብቻ ቤት ልገዛ አስቤ ነው።»

ጢማቸውን አሻሹ። «ወላሂ አዝኜልሃለሁ። ብር የለኝም። ቆርቆሮ ግን አለኝ። ስድሳ ቆርቆሮ ውሰድ፤ በሁለት ዓመት ትመልሳለህ፤ ወለድ የለው፣ ምን የለው።»

«ሻጯ እኮ የሚፈልጉት ብር ነው።»

«ቆርቆሮውን ሸጠህ ስጣቸዋ!»

«ያለ ንግድ ፈቃድ ስድሳ ቆርቆሮ ስሸጥ ብያዝስ?»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉና አሰቡ። «በል የቤቱን ክዳን መጥቼ ልየው። መለወጥ ካለበት እሱን ልቻልህ። ለማንም እንዳትናገር ግን። ለሌላ ሰውም ተናግረህ ከሆነ የለሁበትም።»

«ለእርስዎ ብቻ ነው የተናገርኩት» አልኩ። ውሸት እንዲህ ቶሎ እንደሚለመድ አላውቅም ነበር።

አማቴን ኦቦ ቶሌራን የመጨረሻ ያደረግኳቸው በማክበር ነው። እሳቸው ግን እንደዚያ አልተረጎሙትም። ጎጆ በሚባለው ደጋ አገር ነው የሚኖሩት፤ ገብስና ድንች ያመርታሉ፤ በግ ያረባሉ፤ በዚያ ብርድ ያደገ ሰው ቃል አያባክንም። ስጠይቃቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ጉርባ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሆይ እንደ ማለት ነው። «በሬ እሸጣለሁ፤ በግ እሸጣለሁ፤ እሰጥሃለሁ። ወለድ የምትለውን አላውቅም። ግን ከሁለቱ ክፍል አንዱ የእኔ ነው። ለገበያ ስመጣ አድርበታለሁ። ሳልመጣ ድንቼ ያድርበታል።»

ሰንጠረዡ ላይ «ጣጣ» በሚለው ዓምድ «ድንች» ብዬ ጻፍኩ። ለጫልቱ ሳሳያት «አባቴን ከቆርቆሮ ሻጭ በታች ነው የጻፍከው?» አለችኝ። በፊደል ተራ ነው ብዬ ላሳምናት ሞከርኩ። አስተማሪ መሆኗን ረስቼ ነው።

ነሐሴ እየተገባደደ ነው። ከአራቱ አንዱን ይዤ መጨረስ ሲገባኝ፣ እኔ ከአማቴ በቀር ሁሉንም በአንድ ቀን ቤቱን አሳይቼ የተሻለውን ልመርጥ ወሰንኩ። ፕሮግራም አወጣሁ። የባንኩ ገማች ቅዳሜ መኪና ተገኘለት ተብሎ በስልክ ተነግሮኛል፤ እሱን ለሦስት ሰዓት። ኮሚቴውን ለአምስት። ሐጂን ለስምንት። አማቴን አልጠራኋቸውም፤ እሳቸውን ለብቻ፣ በክብር፣ በሚቀጥለው ሳምንት።

የገማቹ መኪና ጊንጪ ላይ ጎማ ፈነዳባት። ሦስት ሰዓት ያልኩት ሰው አምስት ሰዓት ደረሰ። ጓድ በቀለና ሁለቱ የኮሚቴ አባላት፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሰዓቱ መጡ። ሐጂ ደግሞ ገበያው ሳይሞቅ ብለው ተሻግረው መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሦስቱንም ወገን ስቀበል ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አዴ ድንቄ ኋላ ነግረውኛል፤ «የታነቀ ሰው» ነው ያሉት።

አንዱ ሌላውን እንዳያውቅ ለያይቼ አስገባኋቸው። ገማቹን በፊት በር፣ ኮሚቴውን በጓሮ፣ ሐጂን ደግሞ መሰላል ሰጥቼ ጣሪያ ላይ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ተሳካልኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት አምስት ደቂቃ ነው።

ገማቹ ግድግዳውን በእርሳስ ቂጥ እየመታ «ጭቃ... ጭቃ... ይህም ጭቃ» እያለ ይጽፋል። ጓድ በቀለ ከጓሮ «የቤቱ ስፋት ለአንድ ቤተሰብ ከመጠን ያለፈ መሆኑ ይመዝገብ» ይላል። ከላይ ሐጂ «ይህስ ክዳን አይደለም ወንፊት ነው!» ብለው ጮኹ። ገማቹ ቀና አለ።

«ጣሪያ ላይ ማነው?»

«ጠጋኝ ነው» አልኩ።

በዚህ መሐል አማቴ ገቡ። ለገበያ በጭነት መኪና መጥተው፣ ቤታችን ሄደው፣ ጫልቱ «እዚያ ማዶ ቤት ሊያይ ሄዷል» ብላ ይዛቸው መጥታለች። አንድ ጆንያ ድንች በሰው አስይዘዋል፤ አንድ በግ ራሳቸው ይጎትታሉ። ማንንም ሳይጠይቁ «የእኔ ክፍል የትኛው ነው?» አሉና ግድግዳውን በከዘራቸው ገፋ አደረጉት። ሰሌዳ የሚያህል ጭቃ ተንዶ ገማቹ ጫማ ላይ ወደቀ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለ ገማቹ።

«አበዳሪ ነኛ!»

በዚያ ሰዓት ጓድ በቀለ ከጓሮ ብቅ አለ። «የምን አበዳሪ? አበዳሪው ማኅበሩ ነው።»

«ባንኩስ?» አለ ገማቹ።

ሐጂ ከመሰላሉ እየወረዱ ነበር። በጓድ በቀለ ደረት ላይ ያለውን የፓርቲ ዓርማ ሲያዩ መሐል ላይ ቆሙ። «እኔ ለሰላምታ ነው የመጣሁት» አሉ፤ መሰላል ላይ ሆነው። ከዚያ ወርደው፣ የሁላችንንም እጅ አንድ በአንድ ጨብጠው፣ ወጥተው ሄዱ። ቆርቆሮዬም አብሮ ሄደ።

የቀሩት ሦስቱ በእኔ ላይ ተነሡ። ገማቹ መዝገቡን አጠፈ፤ «ሌላ አበዳሪ ካለ ፋይሉ ተዘግቷል። ለነገሩ ቤቷን ስምንት መቶ ብር ነው የገመትኳት» አለ። ጓድ በቀለ የፈረምኩበትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለሕዝቡ አነበበ፤ ሕዝቡ ማለት እነዚያው ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ናቸው። አማቴ ግን አልጮኹም። «ልጄን ከእኔ ወሰድክ። ገንዘብ ግን መጀመሪያ የማታውቀውን ሰው ለመንክ። ከእኔ በፊት ሦስት ሰው!» አሉ። ከሁሉም የከፋኝ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቷን ረስተናቸው ነበር። አዴ ድንቄ ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። አጭር ሴትዮ ናቸው፤ መቀነታቸውን አጥብቀው ታጥቀዋል። የተናደውን ጭቃ አዩ፤ ከዚያ ሁላችንንም አዩን።

«ይቺን ቤት ከባሌ ጋር ጭቃዋን ረግጬ ነው የሠራኋት። አራት ልጅ ወልጄባታለሁ። ስምንት መቶ? ወንፊት? ከመጠን ያለፈች? ላኪ፣ እምቢ! አይሸጥም። ውጡልኝ!» አሉ። ከዚያ በኦሮምኛ የቀጠሉትን፣ ኦሮምኛዬ ደካማ ቢሆንም፣ አንድም ቃል ሳይቀር ገባኝ።

ወጣን። ገማቹ ወደ መኪናው፣ ኮሚቴው ወደ ስብሰባው። እኔ ከአጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ አልሳቅኩም። መስከረም ሊገባ ነው፤ ሁለት ልጅና አንድ እርጉዝ ሚስት ይዤ የምገባበት የለኝም፤ በእጄ ያለው አንድ የተሰመረ ወረቀት ነው። አማቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ የበጉን ገመድ እጄ ላይ አኖሩልኝና «ያዝ። እጅህ ባዶ ሲሆን ታስባለህ» አሉኝ። ያዝኩ።

ጫልቱ አልወጣችም ነበር። ከሆዷ ጋር እዚያው ውስጥ ቀርታለች። ከቤቱ የሁለት ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ መጀመሪያ ከፍ ያለ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ፣ ኋላ ደግሞ፣ አላምን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ፣ ሳቅ። ስትወጣ ጣቷ ላይ ጭቃ አለ። የተናደውን ግድግዳ እየለጠፈች ነው የተነጋገረችው።

«ጨረስን» አለች።

«ምኑን?»

«ቤቱን። የዕቁቤን ስድስት መቶ ብር አሁን እሰጣቸዋለሁ። የቀረውን በወር በወር ሰማንያ ብር፣ ነቀምቴ በአውቶቡስ እልክላቸዋለሁ። በሠላሳ ወር ያልቃል። ሳያቸው እዚያ ሄደው በልጃቸው እጅ መውደቅ ፈርተዋል፤ በየወሩ የራሳቸው ገንዘብ ቢመጣላቸው ይሻላቸዋል።»

«ወለድስ?»

«ጠይቄያቸው ነበር፤ 'እሱ ምንድነው?' አሉኝ።» የጣቷን ጭቃ ጠረገች። «አንድ ነገር ብቻ አለ። የሚያበድሩት ለእኔ ነው። 'ባልሽን በአንድ ማገር አላምነውም፤ ቤቴ ውስጥ ገበያ ያቆመ ሰው ነው' ብለዋል።»

አማቴ ሳቁ። ስምንት ዓመት ሳውቃቸው ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። በጉን ከእጄ ተቀብለው ለአዴ ድንቄ የመንገድ ስንቅ ብለው ሰጡ። ድንቹን ግን ወደ ሁለተኛው ክፍል አስገቡት፤ አሁንም እንደ መብት ይገባል።

ከሳምንት በኋላ ውሉን ለማስመዝገብ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጫልቱና አዴ ድንቄ አግዳሚው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ፤ እኔ ቆምኩ። ጸሐፊው ትልቅ መዝገብ ገለጠ።

«ሻጭ?»

«ድንቄ ገመዳ» አሉ አዴ ድንቄ።

«ገዢና ተበዳሪ?»

«ጫልቱ ቶሌራ።»

«ዋስ? ብድር ያለበት ውል ያለ ዋስ አይመዘገብም።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አዴ ድንቄ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሌላ ሰው ከጠፋ ይሁን» አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ዋስ ስለምን የከረምኩት ሰው ለገዛ ሚስቴ ዋስ ሆኜ ቀረብኩ። ጸሐፊው ስሜን ጻፈ፤ ሥራዬን ጻፈ፤ ደሞዜን ጻፈ።

«የዋሱ የመኖሪያ አድራሻ?»

የቀበሌውን ቤት ቁልፍ ያስረከብኩት በዋዜማው ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩ። «ተበዳሪዋ ቤት» አልኩ።

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። «እዚያ በምን ሁኔታ ነው የምትኖረው? በኪራይ ነው ወይስ በደባልነት?»

አፌን ሳልከፍት ጫልቱ ቀደመችኝ።

«በደባልነት ብለህ ጻፈው» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ጸሐፊው ግን ሳይስቅ ጻፈው፤ ማኅተምም አሳረፈበት።